የዛፉ ቢጫ ጎን

«ዛፍ እኮ አይጮህም» አለ አንደኛው።

«ለዚያ ነው ቀስ ተብሎ የሚሠራው» አለ ሌላው።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ተቀምጬ የሰማሁት ወሬ ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ተባብለዋል፤ እኔ ዘንድ የቀረው ግን ይኸው ነው። ስለ ጨው ይሁን ስለ ፈላ ውሃ አንድ ነገር አንስተው ነበር። አንደኛው ሳቀ፣ ሌላው አልሳቀም። አባቴ የሳቀው ይሁን ያልሳቀው፣ ዛሬ ብትጠይቁኝ አፌን ሞልቼ አልናገርም። በማግስቱ ግን መንገድ ዳር ያሉትን ዛፎች እያየሁ፣ የተመከረበት የትኛው ይሆን እያልኩ እንደሄድኩ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ያለ ጊዜው ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ስናይ፣ ሌላው ሰው «ምን ነካው?» ሲል እኔ «ማን ነካው?» እላለሁ። መልካም ጠባይ አይደለም። በጸሎቴም አንስቼዋለሁ፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

የግቢያችን ዛፍ በአንድ ጎኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ያ ጠባይ ተነሣብኝ።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ክፍሌ ከግቢው በር አጠገብ ናት፤ ማሽኔን መስኮቱ ሥር ስላስጠጋሁት ቀኑን ሙሉ ግቢው ፊቴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም። ያለችኝን እውቀት የለቃቀምኳት በጆሮዬ ነው፤ አብዛኛዋንም ከዚሁ መስኮት። የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤታቸው በተከሉት ዛፍ ሥር ወንበር አስደርድረው መጽሐፍ ያስነብባሉ። ከተከራዩም ከጎረቤቱም የፈለገ ይመጣል። ሁሉም በተራው አንድ ምዕራፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ንባብ ተጀምሮ ማቋረጥ ክልክል ነው፤ ቢያስነጥስህ እንኳ እጅህን አፍህ ላይ አድርገህ ነው። ሲያልቅ እያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር ይናገራል።

እኔ ወንበር ወስጄ አልቀመጥም። በዚያ ሰዓት ማሽኑን ዝም አሰኝቼ የእጅ ሥራ እይዛለሁ፤ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እለቅማለሁ፤ እየሰፋሁ እሰማለሁ።

እትዬ የሚመርጡት መጽሐፍ ውስጥ ደን፣ ወንዝ ወይም እንስሳ አይጠፋም። «ሰውን ከሰው ጋር ስታዩት ያታልላችኋል» ይሉ ነበር። «ይጫወታል፣ ይሽቆጠቆጣል። መልስ ከማይሰጠው ነገር ጋር ብቻውን ሲሆን ነው ማንነቱ የሚወጣው። ደራሲ ዛፍ አጠገብ ሰው የሚያቆመው ለዚያ ነው።» ይህን ንግግራቸውን ወድጄው ነበር። በኋላ ግን ሰው መጠርጠሪያ አደረግሁት።

በዚያ ሰሞን የያዙት ወፍራም ልብ ወለድ ነበር። ደን ዳር ያለች መንደር ናት፤ ድርቅ ይገባል፤ ሰዉ ደኑን እየቆረጠ ይሸጣል። ከሁሉ የምትለየው አንዲት ዘመድ የሌላት አሮጊት ናት። ለራሷ ከምታገኘው ጥቂት ውሃ ታጥባ፣ ያጠበችበትን ለአንድ ዛፍ ትወስድለታለች። ያን ምዕራፍ ያነበቡት እትዬ ራሳቸው ናቸው።

«እኔ ብሆን ሸሚዜን አጥብበት ነበር» አለ ሲጨርሱ ፍሬቻ፣ ሰዉም ሳቀ።

ፍሬቻ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሲናገር ግራ ዓይኑ ጥቅስ ጥቅስ ስለሚል እንደ መኪና መታጠፊያ መብራት ነው ብለው ያወጡለት ስም ነው፤ አሁን የራሱን ስም የሚጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ። መኪናውን የሚያቆመው ዛፉ ሥር ነው። ወፎቹ ጣሪያውን እንደ ሽንት ቤት ስለቆጠሩት ጠዋት ጠዋት በጨርቅ እየፈተገ ሲራገም እሰማለሁ። አንድ ቀን «ይሄ ዛፍ መሞቻው በኔ እጅ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁም የሰማሁት።

ቢጫ የሆነው ጎን ደግሞ እሱ የሚያቆምበት ነበር።

እትዬ ከችግኝ ጣቢያ አንድ ሰው አስጠሩ። ሰውዬው ቅርፊቱን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ፣ አፈሩን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሥሩ ላይ ሲፈስ የቆየ ነገር ግን አለ። የሚያፈሰው ሰው ካቆመና ንጹሕ ውሃ በብዛት ካገኘ ሊያገግም ይችላል። ካላቆመ ማገዶ ነው» አለና ሄደ።

የሚያፈሰው ሰው። በዚያች ቃል ግቢው ተለወጠ። ሰዎች በር ሲከፍቱ መጀመሪያ ዛፉን፣ ቀጥሎ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የባትሪ አሲድ ነው ያለ ነበረ፤ የተቃጠለ ዘይት ነው ያለም ነበረ። ሁለቱም ወደ አንድ ሰው ነው የሚጠቁሙት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የፍሬቻ ሆነ። የደረሰው ምዕራፍ ደግሞ የቆራጩ ነበር፤ መጥረቢያውን አነሣ፣ አሳረፈ፣ ላቡን ጠረገ የሚለው። ሲያነብ ቀልደኛነቱ የት እንደሄደ እንጃ፤ መጥረቢያው ሲነሣ ድምፁ ይነሣል፣ ሲያርፍ አብሮ ይወርዳል። እኔ መስኮቴ ሥር መርፌዬን ይዤ፣ ይህ ሰው መጥረቢያ ያውቃል አልኩ በልቤ።

ሲጨርስ እትዬ ቀድመው ተናገሩ።

«እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዛፍ ሲገድሉ ደስ ይላል?»

«የመጽሐፉን ሰውዬ ነው እትዬ?» አለ እየሳቀ። «እሱማ ቀኑን ሙሉ ሲቆርጥ ውሎ ምን ደስታ አለው፣ ወገቡን ነው የሚያመው።»

«አንተን ነው የምጠይቀው።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ዓይኑ ጥቅስ ጥቅስ አለ። ስንት ዘመን የምናውቀው ዓይን ያን ቀን ምስክር ሆነበት፤ ሁሉም እንደ አዲስ አየው።

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ክፍሌን ልቀቅልኝ። ዛፉን የገደለ ሰው ጥላው ሥር አይኖርም።»

ሚስቱ ቀኗ የገባ እርጉዝ ናት። በራቸው ላይ ቆማ ነበርና ሁሉንም ሰማች። አንድም ሰው «ቆይ እንጂ» አላለም። እኔም አላልኩም።

ያን ማታ ለጸሎት ስቆም ግን አንድ ሌላ ነገር እየመጣ ያቋርጠኝ ጀመር። ከፍሬቻ በፊት በነበረው ቅዳሜ ያነበበችው ነርሷ ነበረች፤ ከዛፉ ጀርባ ባለው ክፍል ከእናቷ ጋር የምትኖር። እሷ ስታነብ አንድ ቦታ ታሪኩ አልገጥም ብሎኝ ነበር። አሮጊቷ ባልዲዋን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ነበር፤ ወዲያው ግን ወሬው ስለ ዝናብ ሆነ። የቀኝ እጅጌ ግራ ትከሻ ላይ የተሰፋ ያህል ነበር። ገጽ ዘላለች። ወረቀቱን ስትገልጥ እጇ ፈጠን ማለቱንም አይቼ ነበር።

ለምን ትዘላለች? የዛፉ ሥር የክፍሏን ወለል ሰንጥቆ አንስቶታል። እናቷ በዚያ ወለል ተደናቅፈው ወድቀው፣ ከዚያ ወዲህ ከክፍል ብዙም አይወጡም። ደግሞም ነርስ ናት፤ ምን ነገር ምንን እንደሚገድል ከማናችንም በላይ ታውቃለች። ስለ ዛፍ የተጻፈውን ማንበብ የከበዳት ለዚህ ይሆን? ፈጣሪዬን እንዳልፈርድ ጠብቀኝ እያልኩ፣ እዚያው ቆሜ እፈርድ ነበር።

ሳምንቱን በዓይነ ቁራኛ ስጠብቃት ሰነበትኩ። ጠዋት ገና ሰው ሳይነሣ ልብስ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፣ ወደ ሆስፒታሏ ትሄዳለች። ወደ ዛፉ ዞር ብላ እንኳ አታይም። ይህም ራሱ አስጠረጠረኝ።

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ግቢው ጭር ባለበት ሰዓት፣ የነርሷ በር ገርበብ አለ። የወጡት እናትየው ናቸው። ቀይ የፕላስቲክ ባልዲ በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ ግን ከብዷቸዋል። ግድግዳውን ተደግፈው ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ ወደ ዛፉ ሄዱ።

እናትና ልጅ ተመካክረዋል ማለት ነው አልኩ። መቀሴን አስቀምጬ ወጣሁ።

«እማማ፣ ምን ይዘው ነው?»

ደንገጥ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። «ዝም በል። ለልጄ እንዳትነግርብኝ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ውሃ ነዋ። ምን መሰለህ፣ ወተት?»

ጎንበስ አልኩ። ከባልዲው የሚወጣው የበረኪና ሽታ ዓይኔን አስለቀሰኝ።

«የምን ውሃ?»

«ያጠበችበት ነው። ለወለል ብላ በሩ ሥር በሳፋ ታስቀምጠዋለች፤ ወለሉ ከዚህ በላይ ቢጠራ ምን ሊሆን ነው? ያቺ ሴትዮስ እንዲህ አይደል ያደረገችው?»

«የቷ ሴትዮ?»

«የመጽሐፏ ናታ» አሉ፤ እንደ ቂል አዩኝ። «አንተ ብቻ ነህ እንዴ በመስኮት የምትሰማው? እኔም መጋረጃዬ ጀርባ ወንበር አለኝ። እሷን ከሰማሁ ጀምሮ ውሃ ዝም ብሎ ሲደፋ ሆዴ አይችልም። ልጄ ዕቃ እንዳታነሺ ብላኛለች፣ ከወደቅኩ ወዲህ። ብታየኝ ጉዴ ነው። ደግሞ ሰው ሳያይ የሚደረግ ነገር ደስ ይላል።»

ወደ ቢጫው ጎን ዞር ብዬ አየሁ።

«በየቀኑ ያጠጡታል?»

«ድሮ አንድ ቀን እየዘለልኩ ነበር። ቢጫ ሆኗል ሲባል ሰማሁና ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት።»

አፍንጫቸው ሽታ መለየት ከተወ መቆየቱን ልጃቸው አንድ ጊዜ አጫውታኛለች። ፊታቸውን አየሁት፤ ቀላ ብሏል፣ ከበሽታ በኋላ ደም የተመለሰበት ፊት ነው። ምን እላለሁ?

«ይስጡኝ፣ በዚያኛው ጎን እኔ ላዳርሰው» አልኩና ባልዲውን ተቀብዬ ዛፉን ዞርኩ። ግንዱ ሲጋርደኝ ውሃውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ባዶውን ስመልስላቸው መረቁኝ። በውሸት የተቀበልኩት ምርቃት ነው፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ነርሷ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ወደ ክፍሌ ጠራኋት። ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር።

«ለቀሚሴ ያልከኝ ቁልፍ ነው ጋሼ? ነገ ባመጣው አይደርስም?»

«ቁልፍ አይደለም። ባለፈው ስታነቢ ገጽ ዘለልሽ።»

ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። «ማን ነገረህ?»

«ጆሮዬ።»

«አንተ ደግሞ ምን አለ አንድ ቀን እንኳ ባትሰማ» አለችና ጫማዋን መሬት ላይ ጣለችው። «አዎ ዘለልኩ። አሮጊቷ ባልዲ እንደያዘች ወድቃ የምትሞትበት ነው። እናቴ መጋረጃው ጀርባ እንደምታዳምጥ እያወቅኩ ላንብበው? ገና ከውድቀቷ ሳትነሣ?»

እንግዲህ ሳምንት ሙሉ የጠረጠርኩት ይህንን ነበር። ከዚያ ያየሁትን ነገርኳት። መሃል ላይ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «በረኪናውን የማበዛው እኔ ነኝ። ከሆስፒታል ተሸክሜ የመጣሁት ነገር እንዳይነካት ብዬ። ጀርባዋ ላይ ገና ያልደረቀ ቁስል አለ፤ አንሶላዋን ያለዚያ አላጥብም።» ትንሽ ቆየችና «ጋሼ፣ እሷ ግን እንዳትሰማ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማንም ሳይቀሰቅሳት የተነሣችው አሁን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የገደልሺው አንቺ ነሽ ብላት ተመልሳ አትነሣም።»

«ፍሬቻስ? ከነገ ወዲያ ሊወጣ ነው።»

ጫማዋን አንስታ መልሳ አጠለቀች።

እትዬን ወደኔ ክፍል ጠራናቸው፤ የእሳቸው ቤት ለእናትየው መጋረጃ ቅርብ ነው። መጡ፤ ቆመው ሰሙን፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ማን ላካችሁ? እሱ ነው?»

«ማንም አልላከንም» አልኩ።

«ደንበኛህ ነው፤ ጨርቅ በመኪናው ያመላልስልሃል። እሷ ደግሞ ለሚስቱ አዝናለች። አንዲት ምስኪን ሴት ላይ መለጠፍ ይቀላችኋል።»

ነርሷ ወጥታ፣ ወለል ልትጠርግ የምትሄድ መስላ ሳፋውን ይዛ መጣች። እትዬ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ከዚያ ወጡና ወደ ዛፉ ሄዱ፤ ቢጫው ጎን ሥር ካለው ከላይኛው አፈር ቆንጥረው አፍንጫቸው ጋ አደረሱት። ሲመለሱ እጃቸው ላይ አፈር ነበረ፤ ማራገፉን ረስተውታል።

«መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ያን ምዕራፍም ያነበብኩት እኔው። እንዴት አድርጌ እንዳነበብኩት ደግሞ አውቃለሁ፤ ሰው እንዲያለቅስ ብዬ ነው። ሰው ተነሥቶ ያደርገዋል ብዬ መቼ አሰብኩ?»

ፍሬቻን የጠራሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ሲጭን ነበር፤ ፍራሹ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በገመድ ታስሯል። እጁን እየጠረገ ገባና እትዬን ሲያይ ወደ ኋላ ሊል ዳዳው።

«ቀኔ ገና አይደለም እንዴ? እሑድ ነው የተባልኩት።»

ከውጭ እንዳይሰማ ማሽኑን ያለ ጨርቅ እረግጠው ጀመርኩ። በዚያ ድምፅ ውስጥ ነርሷ ሁሉንም ነገረችው። ሲሰማ ዓይኑ አልጠቀሰም። ስትጨርስ ወደ እትዬ ዞረ።

«እሺ። ይቅርታ ሊሉኝ ነው?»

«ልልህ ነው» አሉ እትዬ። ቀላል አልነበረም፤ ዕድሜ ልካቸውን ይቅርታ ሲያስጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው። «በድዬሃለሁ ልጄ። ይቅር በለኝ። ቤትህ ቤትህ ነው።»

«የሰደቡኝ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለም። ሰው ሁሉ ወንበር ላይ ተደርድሮ ነው። ሚስቴ ቧንቧ ጋ ስትሄድ እስካሁን ይንሾካሾኩባታል። እዚያው ይንገሩልኝ።»

«ከተናገሩ እናቴ ትሰማለች» አለች ነርሷ።

«የእኔ ሚስት አልሰማችም?»

ማሽኑን መርገጤን ቀጠልኩ። እውነቱን ነበረ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነበረ።

«ነገ ወንበር ላይ ተነሥቼ እናገራለሁ» አሉ እትዬ። «ይህ ሰው ንጹሕ ነው፤ በሐሰት የከሰስኩት እኔ ነኝ፤ በዛፉ ላይ ለደረሰውም ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል የለም።»

«ታዲያ ማነው ሲሉዎትስ? ይህ ሕዝብ ዝም የሚል ይመስልዎታል?» አለ ፍሬቻ።

«ወዲያው ንባቡን እጀምራለሁ። ንባብ ተጀምሮ ማቋረጥ ክልክል ነው።»

ፍሬቻ ሳይፈልግ ሳቀ፤ ነርሷም ሳቀች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑን አቆምኩ። ወዲያው ግን መልሼ ረገጥኩት፤ በመስኮቴ በኩል ሳይ የእናትየው መጋረጃ ትንሽ የተነቃነቀ መስሎኝ ነበር። ነፋስ ይሁን ሰው፣ አላወቅሁም።

«ውሃውስ?» አልኩ። «ነገ ጠዋት እናትየው መልሰው ያጠጡታል።»

ነርሷ ልብስ የምታጥበው ከበርሜል ቀድታ ነው፤ የቧንቧው ውሃ ወደ ግቢያችን የሚመጣው እሷ ሥራ ከሄደች በኋላ ነው። ሳፋውን ባዶ ብታደርገው እናትየው ይጠይቃሉ። የበረኪናውን ደፍቶ፣ ሳፋውን አለቅልቆ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ በቦታው የሚተካ ሰው ያስፈልጋል፤ ዛፉም የሚፈልገው እሱኑ ነው። እኔ ከቀዶ ጥገናዬ ወዲህ ከዚያች ግማሽ ባልዲ በላይ አላነሣም። እትዬ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። ቧንቧው ሲመጣ ግቢ ውስጥ ሞተር እያሞቀ የሚገኘው አንድ ሰው ነው።

ሦስታችንም ዞረን አየነው።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «የተሰደብኩትም እኔ፣ ውሃ ቀጂውም እኔ? ያውም ለዚህ ዛፍ? መኪናዬን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ?»

ሚስቱ ሲቆይባት ፈልጋው መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም። በራሱ ስም ጠራችውና «ፍራሹን አውርድ» አለችው።

እሷንም አየ፣ እትዬንም አየ። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞሮ፣ ሳፋው በሩ በየትኛው በኩል እንደሚቀመጥና እናትየው ሳያዩት በስንት ሰዓት ሊለውጠው እንደሚችል ጠየቃት።